ሁለተኛ የትራንክ ካርድ ጨምረን ለምን 88 ግንኙነት ወደቀ?

ጥያቄው፦ «በባሕረ ሰላጤው አገር በሚገኝ አንድ ድርጅት የመገናኛ ክፍል እሠራለሁ። ሀ፣ ለ እና ሐ ብለን በምንጠራቸው ሦስት ጣቢያዎች ሲስኮ አይጂኤክስ 8400 የኤቲኤም ስዊቾች አሉን። በሀ እና በለ መካከል አንድ የኢ3 ትራንክ ብቻ ነበር። ዘንድሮ በሁለቱም ስዊቾች ላይ ባለ ስምንት ወደብ የኢ1 ትራንክ ካርድ ጨምረን፣ አራት የኢ1 መስመሮችን በአይኤምኤ አስረን ሁለተኛ ትራንክ አደረግን። ጭነቱ ለሁለቱ ይከፈላል፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተካዋል ብለን ነበር። 130ዎቹም ግንኙነቶች ግን በኢ3ው ላይ እንደተከመሩ ቀሩ። ባለፈው ወር ኢ3ው ሲቆረጥ 42ቱ ብቻ ወደ አዲሱ ትራንክ ተሻገሩ፤ 88ቱ ወደቁ። የሚገርመው፣ ስንለካው ኢ3ው ላይ የሚያልፈው ከአቅሙ 20 በመቶ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ አዲሱ ትራንክ የሚችለው ነው። መስመሩ ከተጠገነ በኋላም 42ቱ አልተመለሱም። የትራንኩን የመንገድ ዋጋ ቀያየርን፤ ለውጥ የለም። አዲሱ ካርድ ተበላሽቷል ማለት ነው? እንቀይረው?» ጠያቂው አያይዘው እንደላኩት፣ እያንዳንዱ ግንኙነት በሰከንድ 400 ሴል፣ በአጠቃቀም መቶኛ 100 ተመዝግቧል፤ የየትራንኩ መጠባበቂያ 1,000 ሴል ነው፤ በሐ በኩል የሚዞረው መንገድ በሐ የራሱ ግንኙነቶች ተይዞ ሞልቷል።

ምላሽ፦ ካርዱን አይንኩት፤ ጤነኛ ነው። ማስረጃውም ራስዎ የላኩት 42 የሚለው ቁጥር ነው። የተበላሸ ካርድ ወይ ሁሉንም ይጥላል፣ ወይ አንዱን እየጣለ ሌላውን እያነሣ ሰው ያስመርራል እንጂ 42 ቆጥሮ አይቆምም። እዚያ ላይ የቆመው ስሌት ስለሆነ ነው፤ ስሌቱንም እኔና እርስዎ በወረቀት ልንደግመው እንችላለን።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ላስቀድም፤ እዚህ ኤቲኤም የምንለው የባንኩን ገንዘብ መክፈያ ማሽን አይደለም። ድምፅም ይሁን ፋይል፣ ማንኛውንም መረጃ እኩል ወደሆኑ ባለ 53 ባይት ቁራጮች ከፋፍሎ የሚያጓጉዝ የኔትወርክ ዘዴ ነው። ቁራጩ ሴል ይባላል፤ ከ53ቱ ባይት 5ቱ አድራሻና መቆጣጠሪያ፣ 48ቱ ጭነት ናቸው። ትራንክ ማለት ደግሞ ስዊችን ከስዊች የሚያገናኘው መስመር ነው። ኢ1 እና ኢ3 የመስመር ዓይነቶች ናቸው፤ ኢ3 ሰፊው ነው። አይኤምኤ ብዙ ኢ1ዎችን እንደ አንድ ሰፊ መስመር አስሮ የሚያሠራ ዘዴ ነው፤ ግንኙነት የምንለው ደግሞ በትራንኩ ላይ ለአንድ ተጠቃሚ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ የመረጃ መንገድ ነው።

ወደ ስሌቱ እንግባ። የኢ3 መስመር በሰከንድ 34.368 ሜጋቢት ይጓዛል። የመረጃ ክፈፉ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዱ ክፈፍ 530 ባይት ጭነት፣ ማለትም ልክ 10 ሴል ይይዛል። ስለዚህ ኢ3 ማለት በሰከንድ 80,000 ሴል ነው። ኢ1 ከ32 የጊዜ ክፍሎቹ 30ውን ለሴል ይሰጣል፤ ይህም 1.92 ሜጋቢት ነው። ይህን ለአንድ ሴል 424 ቢት ሲያካፍሉት 4,528 ሴል ያገኛሉ። አራቱ ሲታሰሩ 18,113 ይሆናሉ። ነገር ግን አይኤምኤ መስመሮቹን አንድ ላይ ለመያዝ ከየ128 ሴል አንዱን ለራሱ መቆጣጠሪያ ይወስዳል፤ የመስመሮቹን የሰዓት ምት ለማስተካከልም ትንሽ ይቆርጣል። የሚተርፈው 17,960 ገደማ ነው። ከዚያ ላይ 1,000 ሴሉ መጠባበቂያ ሲነሣ 16,960 ይቀራል። ይህን ለ400 ያካፍሉት፤ 42.4 ይመጣል። አርባ ሦስተኛው ግንኙነት ሲመጣ ስዊቹ «ሞልቷል» ብሎ በሩን ዘጋ፤ 88ቱም ውጭ ቀሩ።

«ግን እኮ የሚያልፈው 20 በመቶ ብቻ ነው» ይሉኛል። የ80,000 ሃያ በመቶ 16,000 ሴል ስለሆነ፣ እውነት ነው፣ ከ16,960 ያንሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስዊቹ መንገድ ሲመርጥ መስመሩ ላይ የሚያልፈውን አይለካም፤ ግንኙነቱ ሲፈጠር «ይህን ያህል እፈልጋለሁ» ብሎ ያስመዘገበውን ይደምራል። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭን ያስቡ። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ነጠላ ቢጣልበት ተይዟል ማለት ነው፤ ቆራጩ የሚቆጥረው የሸጠውን ትኬት እንጂ የተቀመጠውን ሰው አይደለም። እናንተ ጋር 130 ግንኙነት እያንዳንዱ 400 ሴል አስመዝግቧል፤ ድምሩ 52,000 ነው። በዚህ ሂሳብ የሀ ስዊች 52,000 ወንበር የሚፈልግ ሕዝብ 16,960 ወንበር ባለው አውቶቡስ ላይ እንዲያሳፍር ታዘዘ። የሚለካው ትራፊክ ሌላ ገጽ ላይ፣ የተመዘገበው ጭነት ሌላ ገጽ ላይ ነው የሚታየው። ዲኤስፒሎድ የሚባለውን የጭነት ማሳያ ትዕዛዝ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ኢ3ው 52,000 ሴል ተይዞበት ያዩት ነበር።

ቁልፉ ያለው «የአጠቃቀም መቶኛ» በተባለው መስክ ውስጥ ነው። ስዊቹ የአንድን ግንኙነት ጭነት ሲያሰላ የተመዘገበውን መጠን በዚህ መቶኛ ያባዛዋል። በእናንተ 100 ስለሆነ 400ው 400 ሆኖ ይቆጠራል፤ 40 ቢሆን 160 ሆኖ ይቆጠር ነበር። ይህ ቁጥር የደንበኛውን ፍጥነት አይገድብም፤ ግንኙነቱ አሁንም 400 ሴል መላክ ይችላል። የሚለወጠው መንገድ መራጩ በልቡ የሚይዘው ግምት ብቻ ነው። ብዙ ኔትወርኮች ግንኙነት ሲፈጠር የገባውን 100 ሳይነኩት ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ ጉዳቱ የሚታየው ትልቁ መስመር የተቆረጠ ዕለት ነው።

ሁሉም ለምን በኢ3ው ላይ ተከመሩ? በእነዚህ ስዊቾች ላይ መንገድ የሚመርጠው አውቶራውት የተባለው ሥርዓት ነው። ከስትራታኮም የመጣ ነው፤ ሲስኮ ኩባንያውን በ1996 ሲገዛ ስዊቾቹም ሥርዓቱም አብረው ተሻገሩ። አውቶራውት ሴል በሴል አያከፋፍልም። አንድ ግንኙነት በአንድ ጊዜ በአንድ መንገድ ብቻ ይሄዳል፤ ውሳኔውም ግንኙነቱ ሲፈጠር ወይም መንገዱ ሲቆረጥ አንዴ ይወሰናል። ሁለት ትራንክ ስላለ ጭነቱ እንደ ሁለት ቧንቧ ውኃ ይከፈላል የሚለው ግምት ከሌላ ዓለም የመጣ ነው። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ሴሎቹ በሁለት መንገድ ተበትነው ቅደም ተከተላቸው ይፋለስ ነበር፤ ኤቲኤም ደግሞ ቅደም ተከተልን እጠብቃለሁ ብሎ የማለ ዘዴ ነው።

ምርጫው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ጥቂት ስዊቾችን የሚያቋርጠውን መንገድ ይወስዳል፤ እኩል የሆኑ ካሉ ሰፊ ባዶ ቦታ ያለውን ይመርጣል። በሀ እና በለ መካከል ሁለቱም ትራንኮች በአንድ እርምጃ ይደርሳሉ፤ እኩል ናቸው። ባዶ ቦታቸውን ያነጻጽሩ፤ ኢ3ው 80,000 ነበረ፣ መጠባበቂያ 1,000 ሲነሣ 79,000፣ 52,000ው ሲቀነስ 27,000 ይተርፈዋል። አዲሱ ትራንክ ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ እንኳ 16,960 ነው። ስለዚህ ነገ አንድ አዲስ ግንኙነት ቢፈጥሩ ያለ ጥርጥር ወደ ኢ3ው ይሄዳል፤ የኢ3ው ባዶ ቦታ ከ16,960 በታች እስኪወርድ ድረስ አዲሱ ትራንክ የመመረጥ ዕድል የለውም። ሥርዓቱ የታዘዘውን እየሠራ ነው።

የመንገድ ዋጋውን ስለ መቀየርዎ። ከ1 እስከ 50 የሚሰጠው ይህ ቁጥር፣ ሳይነካ ሲቀር 10 ነው፤ የሚሠራው ግን አውቶራውት በዋጋ እንዲመርጥ ሲታዘዝ ብቻ ነው። ሳይታዘዝ እርምጃ ቆጣሪ ነው፤ ዋጋውን ቢጽፉለትም አያነብበውም። ማብሪያው በትራንኩ ገጽ ላይ ሳይሆን በስዊቹ የግንኙነት አስተዳደር መለኪያዎች ውስጥ ነው ያለው። ውሳኔውን የሚወስደው የግንኙነቱ ባለቤት የሆነው ጫፍ ስለሆነም በሦስቱም ስዊቾች ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሀ በዋጋ፣ ለ በእርምጃ እየመረጡ እርስዎ ራስዎን ይዘው ይቀራሉ። እኔን ከጠየቁኝ ግን አያብሩት። ዋጋ ሃያ ሠላሳ ስዊች ላለው፣ የሳተላይት መስመርና የመሬት መስመር ለተቀላቀለበት ኔትወርክ ጠቃሚ ነው። ለሦስት ስዊችና ለአራት ትራንክ ነገር ማብዛት ነው። የቀየሩትን ሁሉ ወደ 10 ይመልሱት፤ አንድ ቀን ሌላ ሰው ሳያውቅ ቢያበራው ያኔ የጻፉት ቁጥር ሁሉ ተነሥቶ ኔትወርኩን ያምሰዋል።

42ቱ ያልተመለሱትም ሥርዓቱ ስለተበላሸ አይደለም። አውቶራውት የሚሠራ ግንኙነትን ያለ ምክንያት አያንቀሳቅስም፤ ማንቀሳቀስ ማለት ለአፍታም ቢሆን ማቋረጥ ነውና። 88ቱ ወድቀው ስለነበረ ኢ3ው ሲነሣ ወዲያው ቦታ አገኙ። 42ቱ ግን እየሠሩ ነበር፤ ማን ይቀስቅሳቸው? እንዲመለሱ ከፈለጉ አስቀድመው «ተመራጭ መንገድህ ይህ ነው» ብለው ሲኤንኤፍፕሬፍ በተባለው ትዕዛዝ መጻፍ አለብዎት፤ ያኔ መንገዱ ሲነሣ ራሳቸው ይመለሳሉ። ለዛሬው ጉዳይ በእጅ እንደገና እንዲመረጥላቸው ማዘዝም ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ያው ትዕዛዝ መንገዱን «ተመራጭ» ብቻ ሳይሆን «ግዴታ» ማድረግም ይችላል። ግዴታ የተደረገ ግንኙነት መንገዱ ከተቆረጠ ሌላ አይፈልግም፤ ወድቆ ይጠብቃል። በምሽት ድካም ያቺን አንዲት ምልክት ጨምሮ የባንክ ክፍያ መስመሩን ራሱ ያሰረ ባለሙያ አውቃለሁ፤ ጠዋት ላይ የደረሰበትን አልነግርዎትም።

ስለ ሁለተኛው ካርድም አንድ ነገር ላርም። «አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተካዋል» የሚለው በካርድ ደረጃ አይሠራም። ካርድ ካርድን የሚተካው ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው፣ የኋላ ካርዶቻቸው በዋይ ቅርጽ ኬብል ተያይዘው፣ ስዊቹም ጥንድ መሆናቸው ሲነገረው ብቻ ነው። የእርስዎ አንዱ ኢ3፣ ሌላው ኢ1 ስለሆነ ጥንድ ሊሆኑ አይችሉም። ያለዎት የመንገድ መተካት ነው፤ እርሱም ዋጋ ያለው ነገር ነው፣ ግን የሚጠብቅዎት ሁለተኛው መንገድ የመጀመሪያውን ሸክም መሸከም ከቻለ ብቻ ነው። በተጨማሪ አንድ የአይኤምኤ ቡድን ከአንድ ካርድ አይወጣም። አራቱም ኢ1 በአንድ ካርድ ላይ ስለሆኑ ያ ካርድ ከሞተ ትራንኩ ይሞታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ግንኙነቶቹን ይለዩ። ድምፅንና የክፍያ ልውውጥን የሚሸከሙ፣ መቋረጥም መዘግየትም የማይችሉ ስንት ናቸው? ከላኩት ዝርዝር 25 ያህል አየሁ። እነዚህን በ100 መቶኛ ይተዋቸው፤ 10,000 ሴል ይይዛሉ። የቀሩት 105 የቢሮ መረጃ ናቸው። የሚለካው 16,000 ሴል ለ130 ሲካፈል በአማካይ 123 ነው፤ ከ400ው 31 በመቶ መሆኑ ነው። ግን 31 ብለው እንዳይጽፉ። አማካይ ማለት የሥራ መግቢያን ግርግርና የእኩለ ሌሊቱን ጸጥታ ደባልቆ ያወጣው ቁጥር ነው። እኔ 40 እጽፋለሁ፤ ከዚያም ሁለት ሳምንት በሥራ ሰዓት በየደቂቃው እየለካሁ አስተካክላለሁ። በ40 አንዱ ግንኙነት 160 ሴል ይይዛል፤ 105ቱ 16,800 ይሆናሉ። ከ25ቱ ጋር ሲደመር 26,800።

52,000 የነበረው ወደ 26,800 ወረደ። ደስ ይላል፤ ግን አሁንም ለ16,960 አይበቃም። 25ቱ 10,000 ከወሰዱ የቀረው 6,960 ለ43 ግንኙነት ብቻ ነው፤ ድምሩ 68። ከ42 ይሻላል፣ ትክክለኞቹ 25ም ይተርፋሉ፤ ሆኖም 62 ሰው ስልክ ደውሎ ይጮህብዎታል። የ105ቱን መቶኛ ወደ 16 አውርዶ ሁሉንም ማጨቅ ይቻላል፤ ወረቀት ላይ ያምራል። ይህን አላደርግም፤ ምክንያቱን ልንገርዎት። አንድ 1,500 ባይት ያለው የመረጃ ጥቅል በኤቲኤም ላይ ሲጓዝ 32 ሴል ይሆናል። ከ32ቱ አንዲቱ ብቻ በተጨናነቀ ወረፋ ላይ ብትጣል 31ዱ የደረሱት ዋጋ የላቸውም፤ ጥቅሉ በሙሉ እንደገና ይላካል። እንደገና የተላከው ደግሞ ጭንቅንቁን ያባብሳል። ከልክ በላይ የተሸጠ ትራንክ በቀስታ አይደክምም፤ ድንገት ይወድቃል።

ያሉት ምርጫዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው በሌላ መንገድ የሚሄድ ሁለተኛ ኢ3 መከራየት ነው፤ በአቅም ረገድ ንጹሑ መፍትሔ እርሱ ነው። ነገር ግን የኢ3 ካርዶች ለሁለቱም ጫፍ ያስፈልግዎታል፣ ለዚህ ትውልድ ስዊች ደግሞ አዲስ ካርድ የለም፤ ከጥቅም ውጭ የሆነ ኔትወርክ ሲፈርስ የተረፈ፣ ታሪኩ የማይታወቅ ዕቃ ነው የሚገዙት። ሁለተኛው ኤቲኤሙን ትቶ ወደ አይፒ፣ ማለትም ኢንተርኔት ወደሚሠራበት ዘዴ፣ መሻገር ነው። መጨረሻው ወደዚያ መሆኑ አይቀርም፤ ግን የዓመት ሥራ እንጂ የዛሬ ሳምንት መልስ አይደለም፣ ለድርጅትዎም በዚህ ምክንያት ብቻ አልመክረውም። ሦስተኛው በእጅዎ ያለ ነው። የጨመሩት ካርድ ስምንት ወደብ አለው፤ አራቱ ባዶ ናቸው። አራት ኢ1 ጨምረው ቡድኑን ስምንት ያድርጉት። ስምንት ኢ1 በአይኤምኤ 35,920 ሴል ገደማ ይሰጣል፤ መጠባበቂያው ሲነሣ 34,920። 26,800ው በሙሉ ይገባል፣ 8,000 ያህልም ይተርፋል። ምክሬ ይህ ነው፤ መቶኛውን ማስተካከልና ስምንት ኢ1፣ ሁለቱም አንድ ላይ። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም፤ መቶኛው 100 እንደሆነ ቢቀር 52,000ውን ስምንት ኢ1 አይሸከመውም።

መጠባበቂያውን 1,000 ሴል «የባከነ አቅም» ብለው ዜሮ እንዳያደርጉት። ስዊቾቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት፣ የመንገድ ለውጥ የሚያበስሩት፣ ድንገተኛ ግርግርም የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ዜሮ ያደረገ ሰው ሰላማዊ ቀን ላይ ምንም አያይም፤ በቀውጢ ሰዓት ግን ስዊቾቹ መነጋገር ያቅታቸዋል፣ መንገድ የመቀየሩ ሥራም ይጓተታል።

አሁን ወደ ትራንኩ ማስፋፋት። በየትኛው የሶፍትዌር እትም ላይ እንዳሉ አልነገሩኝም፤ በቀደሙት እትሞች የቡድኑን መስመሮች ለመለወጥ ትራንኩን ሰርዞ እንደገና መጨመር ይጠይቅ ስለነበረ፣ ያ እንደሚያስፈልግ አድርገው ያቅዱ። ሌሊት ይሁን። መጀመሪያ በዚያ ትራንክ ላይ የቀሩትን 42 ወደ ኢ3ው ይመልሷቸው፤ ትራንኩ ባዶ መሆኑን አይተው ብቻ ይሰርዙት። ኢ3ው እስካለ ድረስ ሀ እና ለ አይለያዩም። በዚያው ሌሊት ግን ኢ3ውን አይንኩ፤ ለጽዳትም ቢሆን፣ ኬብሉን ለማስተካከልም ቢሆን።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ሦስት ነው፤ ማንሣት፣ ማዋቀር፣ መጨመር። አፕትራክ የተባለው ትዕዛዝ በሁለቱም ጫፍ ይሰጣል፤ መስመሩን ያነሣል፣ ስምንቱንም ኢ1 በአንድ ቡድን ያስራል። ማስጠንቀቂያ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ሲኤንኤፍትራክ በሁለቱም ጫፍ ዝርዝሩን ያስገባል። አድትራክ ግን ከአንድ ጫፍ ብቻ ይሰጣል፤ ትራንኩን ወደ ኔትወርኩ የሚያስገባው እርሱ ነው፣ ከዚያ በኋላ አንዳንዱን ዝርዝር ለመለወጥ መልሶ መሰረዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ አድትራክ ከመስጠትዎ በፊት የሁለቱን ጫፎች ገጽ አትመው ጎን ለጎን አስቀምጠው መስመር በመስመር ያስተያዩ። በስክሪን ሳይሆን በወረቀት፤ ይህ የእኔ ልማድ ነው፣ ብዙ ሌሊት አትርፎልኛል።

ሲያስተያዩ በተለይ የጭነት ማወናበጃ የተባለውን መስክ ይዩ፤ የሴሉን 48 ባይት ጭነት አንዱ ጫፍ ሆን ብሎ ደባልቆ ሲልከው ሌላው ጫፍ መልሶ ይፈታዋል። አንዱ ጫፍ በርቶ ሌላው ከጠፋ ሰው የሚያሳብድ ችግር ይፈጠራል። የሴሉ አምስት ባይት አድራሻ አይወናበድም፤ ስለዚህ መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ይታያል፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ስሕተት ቆጣሪው ዝም ብሏል። 48ቱ ባይት ጭነት ግን ሁሉም ትርጉም የሌለው ነው። ስዊቾቹ ሴል እየተቀባበሉ አይግባቡም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ስዊቾቹ አልተዋወቅም ካሉ ካርድ ከመንቀልዎ በፊት እዚህ ይመልከቱ።

ሌላው «ሊቀጥሉ የሚገባቸው መስመሮች» የሚለው ቁጥር ነው። ስምንት ቢጽፉ አንድ ኢ1 ብቻ ቢቆረጥ ትራንኩ በሙሉ ይወድቃል፤ ሰባት ጤነኛ መስመር ይዘው ይሞታሉ ማለት ነው። አንድ ቢጽፉ ደግሞ ትራንኩ በአንድ ኢ1 እየተንፈራገጠ አለሁ ይላል። እኔ ስድስት እጽፋለሁ። በስድስት መስመር ትራንኩ መጠባበቂያው ተነሥቶለት 25,940 ሴል ገደማ ይይዛል፤ ከ26,800ው የሚጎድለው ጥቂት ነው፣ ኢ3ው በተቆረጠበት ሰዓት እንኳ ስድስት ግንኙነት ያህል ብቻ ይወድቃል። የመስመሮቹን የሰዓት ምት በተመለከተ ስምንቱም ኢ1 ከአንድ የሰዓት ምንጭ ይሁኑ፤ ከሁለት አቅራቢ ከተከራዩ ይህን በጽሑፍ ይጠይቋቸው። የመስመሮቹ መዘግየት የተለያየ ከሆነ አይኤምኤ ፈጣኖቹን አስቁሞ ዘገምተኛውን ይጠብቃል፤ መላው ትራንክ በዘገምተኛው እግር ይሄዳል። ድምፁን በኢ3ው ላይ ማቆየት የምመርጠው በዚህም ምክንያት ነው።

ትራንኩ ከሰፋ በኋላ ተመራጭ መንገድ ይጻፉ። ለ25ቱ ኢ3ውን። ለ30 ያህል የቢሮ ግንኙነቶች ደግሞ አዲሱን ትራንክ፤ ይህ ለጭነት ክፍፍል አይደለም። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ መጠባበቂያ መስመር መታመሙ የሚታወቀው የተፈለገ ቀን ነው፤ በየቀኑ ሰው የሚሄድበት መንገድ ግን ድንጋይ ቢወድቅበት የዚያኑ ዕለት ይሰማል። የቀሩትን 75 ነፃ ይተዋቸው። የአገልግሎት ደረጃቸውንም ያስተካክሉ፤ ከ0 እስከ 15 ባለው ቁጥር ትንሹ ቀድሞ መንገድ ይፈለግለታል። 25ቱን 0፣ 30ውን 4፣ ሌሎቹን 8 ቢያደርጉ ይበቃል። አሁን ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ባለፈው ወር የተረፉት 42 አስፈላጊዎቹ ሳይሆኑ ወረፋ ላይ የቀደሙት ነበሩ። ኢ3ው ለጥቂት ሰከንድ እየጠፋ የሚመለስ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ግንኙነቶቹ በእያንዳንዱ ብልጭታ እንዳይመላለሱ ትራንኩን ከመልቀቃቸው በፊት ጥቂት ሰከንድ የሚታገሱበት መስክ አለ፤ ይጠቀሙበት።

ከስዊቹ ውጭ ያለውን ነገር ደግሞ ማንም ስዊች አይነግርዎትም። የዛሬ ብዙ ዓመት አንድ ድርጅት ውስጥ ሁለት ትራንክ፣ ሁለት ካርድ፣ ሁለት አቅራቢ ያለው ኔትወርክ አቀናብሬ ኮርቼ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠፉ። መኪና ይዤ የመስመሩን አቅጣጫ ተከትዬ ስሄድ ከሕንጻው ሁለት መቶ ሜትር ያህል ርቆ የውኃ ቧንቧ የሚቀብሩ ሠራተኞች ጉድጓድ ዳር ቆመዋል፤ በቁፋሮ ማሽኑ ጥርስ ላይ ብርቱካንማና ጥቁር ሁለት ኬብል አንድ ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛው አቅራቢ ቱቦውን ከመጀመሪያው ተከራይቶ ኖሯል። የእርስዎ ስምንት ኢ1 ከሕንጻው የሚወጡት ከኢ3ው ጋር በአንድ ጉድጓድ ከሆነ ከላይ የጻፍኩት ስሌት ሁሉ አይጠቅምዎትም። የመንገዱን ንድፍ ከአቅራቢው ይጠይቁ፤ ከተቻለም ክዳኑን አስከፍተው በዓይንዎ ይዩት።

ይህን ሁሉ ጨርሰው አንድ ግንኙነት ብቻ አልነሣ ካለ፣ ባዶ ቦታም እያለ፣ የትራንኩን የግንኙነት ቁጥር ጣሪያ ይመልከቱ። አቅም እያለ የመለያ ቁጥር ሊያልቅ ይችላል፤ በመንገዱ አልፎ የሚሄድ ግንኙነትም አንድ ቁጥር ይወስዳል።

በመጨረሻ ፈተናው አለ። ኢ3ው በራሱ ጊዜ እስኪቆረጥ አይጠብቁ። ሥራ ባልበዛበት ሌሊት፣ ለሚመለከታቸው አስታውቀው፣ የኢ3ውን ኬብል ከሀ ስዊች ራስዎ ይንቀሉት። የለ ስዊች ጋ አንድ ሰው ስልክ ይዞ ይቁም። 25ቱ ቀድመው፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ወደ አዲሱ ትራንክ ሲሻገሩ ይቁጠሩ፤ የጭነት ገጹ 26,800 አካባቢ ማሳየት አለበት። ኬብሉን ሲመልሱ ኢ3 የተመረጠላቸው 25ቱ ይመለሳሉ፤ 75ቱ በአዲሱ ላይ ይቀራሉ፣ እነርሱን በእጅ ይመልሷቸው። ከ130ው አንዱ እንኳ ወድቆ ከቀረ የሁለቱን ስዊቾች የጭነት ገጽና የወደቀውን ግንኙነት ዝርዝር ይላኩልኝ።